ውሃ የሚደብቀው ሙቀት ዝናብን እንዴት ያመጣል?



ለሱብሒ ሶላት ውዱእ አድርገን ስንወጣ፣ ክንዳችን ሳይደርቅ ነፋስ ከነካው ይበርደናል። ውሃው ለብ ያለ ቢሆን እንኳ ያው ነው። ምክንያቱም ውሃው ሲተን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከቆዳችን ስለሚወስድ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ሙቀት የት እንደሚደርስ ነው፤ የክረምት ዝናብ ጉልበት እርሱ ነውና።

አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነስቶ 100 ዲግሪ እስኪደርስ 335 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይበቃዋል። (በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ነገሩ ግን አይለወጥም።) ያንኑ ውሃ ጨርሶ ለማትነን ደግሞ ወደ 2,260 ኪሎጁል ይፈጃል፤ ሰባት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን የውሃው ሙቀት አንድ ዲግሪ እንኳ አይጨምርም! በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን መርምሮ «ስውር ሙቀት» ብሎታል።

ስውር ይሁን እንጂ አይጠፋም። ተኑ ተመልሶ ውሃ ሲሆን የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል። የማንቆርቆሪያ እንፋሎት እጅን ክፉኛ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው፤ ልጆቻችንን እናርቅ።

በክረምት ከሕንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖሶች አቅጣጫ የሚመጣ እርጥብ አየር ደጋው ላይ ይደርሳል። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይነሳል፤ ሲወጣም እየሰፋ በየኪሎሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከዚያም ተኑ በጥቃቅን ብናኝ ላይ ጠብታ መሆን ይጀምራል። ያኔ ስውሩ ሙቀት ይለቀቃል፤ አየሩ ከዙሪያው ይልቅ ሞቆ ደመናውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዙህር በፊት የጥጥ ባዘቶ የመሰለው ደመና ለዐስር ተራራ የሚያክለው በዚህ ምክንያት ነው። ኃይሉን በአኃዝ እንየው፦ በአንድ ካሬ ኪሎሜትር ላይ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ውሃው ጠብታ ሲሆን የለቀቀው ሙቀት 5,150 ሜጋዋት አቅም ያለው የኅዳሴ ግድብ በሙሉ ኃይሉ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ቢሠራ ከሚያመነጨው ጋር ይተካከላል። ይህ ለአንድ ሰፈር ዝናብ ነው።

የደመና ጠብታ ግን እጅግ ደቃቅ ናት፤ አንዲት የዝናብ ጠብታ ለመሆን ሚሊዮን ያህሉ መሰብሰብ አለባቸው። ከፍ ብሎ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነው የደመና ክፍል፣ ሳይረጋ የቀረ ውሃና የበረዶ ቅንጣት አብረው ይገኛሉ። የበረዶው ቅንጣት ተኑን ከጠብታዎቹ እየወሰደ ያድጋል፤ ሲከብድ ይወድቃል፤ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ከበረዶው መስመር እስከ ጣሪያችን ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ትልልቁ በረዶ ቀልጦ ሳያልቅ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ዝናቡ ሲወርድ ከፊሉ ጠብታ ይተናል፣ በረዶውም ይቀልጣል፤ ሁለቱም ሙቀት የሚወስዱት ከአየሩ ነው። የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ይወርድና መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይነፍሳል። ዝናቡ ሳይደርስ ቀድሞ መጥቶ እናቶቻችንን «ልብሱን ከገመድ አንሱ!» የሚያሰኛቸው ቀዝቃዛ ነፋስ ይኸው ነው፤ ማለዳ ክንዳችንን ያበረደውም ሥራ ይኸው ነበር።