የጫማ ሰፊው የእኅት ልጅ

ልጆች ሆይ፤ አሁን የምታነቡት የዴቪድ ሎይድ ጆርጅን ታሪክ ነው። እርሱም የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። በዚህ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዴቪድ በ1863 ዓ.ም. በማንችስተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ዊልያም ጆርጅ የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ነገር ግን በሚከተለው ዓመት ታሞ ሞተ። እናቱም ልጆቿን የምታሳድግበት ስላጣች፥ በዌልስ አገር በድዊቮር ወንዝ አጠገብ ወደምትገኝ መንደር፥ ወደ ወንድሟ ወደ ሪቻርድ ሎይድ ይዛቸው ሄደች።

ሪቻርድ ሎይድ ጫማ ሰፊ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያንም ያለ ደመወዝ ያስተምር ነበር። ሚስት አላገባምና የእኅቱን ልጆች እንደ ራሱ ልጆች አድርጎ አሳደጋቸው። ዴቪድ አድጎ ነገረ ፈጅ ለመሆን በወደደ ጊዜ፥ ለፈተናው የፈረንሳይ ቋንቋ አስፈለገው። አጎቱ ይህን ቋንቋ አያውቅም ነበር። ቢሆንም ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ይዞ፥ ከልጁ ጋራ እኩል እየተማረ አስጠናው። ከድካሙ ያጠራቀመውንም ገንዘብ ለትምህርቱ አወጣለት። ልጁም የአጎቱን ስም ከአባቱ ስም ጋራ አያይዞ ሎይድ ጆርጅ ተባለ።

በ1890 ዓ.ም. በ18 ድምፅ ብልጫ ብቻ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠና በሎንዶን ወዳለው ምክር ቤት ገባ። በ1908 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ባለጸጋ አገር ነበረች፤ ነገር ግን ጕልበታቸው የደከመ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጧሪ ሲያጡ ወደ ድኾች መጠጊያ ቤት ይገቡ ነበር፤ ይህንም እንደ ታላቅ ውርደት ይቈጥሩት ነበር። በዚያው ዓመት የጡረታ ሕግ ወጣ። አሳቡን የጀመረው ከእርሱ በፊት የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው አስኲት ነው፤ በምክር ቤት ተከራክሮ ያስፈጸመው ግን ሎይድ ጆርጅ ነው። ከ1909 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ፥ 70 ዓመት የሞላቸው ድኾች በየሳምንቱ እስከ 5 ሽልንግ ከፖስታ ቤት ይቀበሉ ጀመር።

በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሕግ አወጣ። ሠራተኛውና አሠሪው መንግሥትም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሠራተኛው በታመመ ጊዜ በዚህ ገንዘብ ሐኪም ያየዋል፥ የሚበላበትንም ያገኛል።

በታላቁ ጦርነት መካከል፥ በ1916 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፥ ሎይድ ጆርጅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሽማግሌው ጫማ ሰፊ ይህን ለማየት በቃ፤ ጥቂትም ወራት ቈይቶ በ1917 ዓ.ም. ሞተ። የእኅቱም ልጅ በ1918 ዓ.ም. ድል እስኪገኝ ድረስ አገሩን በብርታት መራ።

ከድል በኋላ ግን ክብሩ ሲበዛ ጥንቃቄው አነሰ። ለምርጫ ሥራ ገንዘብ ለማከማቸት ሲባል የክብር ማዕርግ ለባለጸጎች ይሸጥ ነበር፤ እርሱም ይህን አልከለከለም። ነገሩ በ1922 ዓ.ም. ተገልጦ ብዙ ነቀፋ አመጣበት፤ በዚያውም ዓመት፥ ሌላም ምክንያት ተጨምሮ፥ ከሥልጣኑ ወረደ፤ ዳግመኛም አልተሾመም። በ1925 ዓ.ም. ማዕርግ መሸጥን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሎይድ ጆርጅም በ1945 ዓ.ም. ማርች 26 ቀን ባደገባት መንደር ሞተ፤ በድዊቮር ወንዝ ዳር በታላቅ ድንጋይ ሥር ተቀበረ።

እንግዲህ አስተውሉ። ለድኾች ሽማግሌዎች የቆመለት ሥራ አልጠፋም፤ በእንግሊዝ አገር ሽማግሌዎች ዛሬም ጡረታ ይቀበላሉ። በማዕርግ ሽያጭ የተሰበሰበው ገንዘብ ግን አልቆ፥ ነቀፋው ብቻ ከስሙ ጋራ ቀረ።

የእጅ ሠራተኛን የሚንቅ ሰው ቢኖር ያን ጫማ ሰፊ ያስበው። እርሱ ማዕርግ አልገዛም፥ ማንም አልሾመውም፤ ነገር ግን አባት የሌለውን ልጅ ለማስተማር በጕልምስናው እንደገና ተማሪ ሆነ። ማዕርግ በገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ክብር ግን በሥራ እንጂ በገንዘብ አይገኝም።