ምስክር የሌለው ጽሑፍ፦ ጥናት ለምትጀምሩ ተማሪዎች

ፕሮፖዛል እያዘጋጃችሁ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ቦሌና ገርጂ ካሉ ተማሪዎች ጋር ካፌ ቁጭ ብለን ረቂቅ ስናነብ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ያምራል፣ አንቀጹ ይፈስሳል፣ ምስክር ግን አልተቆጠረም። አማካሪዎች ወረቀቱን «ማስረጃህ የት አለ?» ብለው የሚመልሱት ለዚህ ነው። እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ መመሪያ አለኝ፦ አንባቢ ራሱ ሄዶ ሊያጣራው የማይችለው ነገር ጥናት ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በላ ልበልሃ በሚባለው የቀድሞው የፍርድ ሙግት ዘመን ተከራካሪው ነጠላውን አጣፍቶ ሲቆም ንግግሩ ያማረ እንዲሆን ይጠበቅበት ነበር። በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፣ ባላጋራውን በግጥም ይሞግታል። ይሁን እንጂ አንደበቱ የቱንም ያህል ቢረታ ምስክር ቁጠር ይባላል። ሙግቱን የሚሰማው ሕዝብም ንግግሩንና ማስረጃውን ለይቶ ይመዝን ነበር። የጥናት ጽሑፍም ሙግት ነው፤ አቤቱታ አለው፣ ማስረጃ አለው፣ ባላጋራ አለው።

አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸው ነበር፦ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የሰሚው ስሜትና የነገሩ አመክንዮ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በስሙም በማዕረጉም ሊታመን አይችልም። ተአማኒነቱን የሚያገኘው ምንጩን በትክክል በማስቀመጡና ከማስረጃው አልፎ ባለመናገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይቴሽን የፎርማት ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የጸሐፊው ክብር ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን በምሳሌ እንየው። አንድ ረቂቅ እንዲህ ብሎ ይጀምራል እንበል፦ «በቦሌ የቤት ኪራይ መናር ኅብረተሰቡን ክፉኛ እያማረረ እንደሚገኝ ይታወቃል።» ሁላችንም አንገታችንን እንነቀንቃለን። ጠያቂ ይነሳና ይሞግተን።

የትኛው ቦሌ? ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛው ክፍለ ከተማ ከሆነ ወዲህ የቦሌ ወሰን ተለውጧል። ቦሌ አራብሳ ስሙ ቦሌ ቢሆንም ዛሬ የሚገኘው ለሚ ኩራ ውስጥ ነው። የ2005 ዓ.ም. የቦሌን አኃዝ ከዘንድሮው የቦሌ አኃዝ ጋር ዝም ብሎ ያወዳደረ ተማሪ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ነው ያወዳደረው። ኅብረተሰቡስ ማን ነው? ተከራዩ ነው ወይስ አከራዩም አለበት? ምሬቱ በምን ተለካ? ከደመወዝ በሚወጣው ድርሻ ነው? በዓመት ውስጥ ቤት በመቀያየር ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ስንመልስ ርዕሱ ራሱ እየጠበበ ይሄዳል፦ «በገርጂ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ተቀጣሪዎች ከወር ደመወዛቸው ምን ያህሉን ለቤት ኪራይ ያውላሉ?» ይህ በእግር ተሂዶ፣ ተጠይቆ፣ ተቆጥሮ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ገርጂን ለምን እንደመረጣችሁም ምክንያት አላችሁ፤ የከተማዋ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎቻችሁን የሚያስጨንቀው ክፍተት የሚባለው ነገር ነው። «በዚህ ርዕስ ላይ የተጻፈ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው በደንብ አለመፈለጋችንን ነው። ለዚህ ርዕስ ግን እውነተኛ ክፍተት አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ከአዋጁ በፊት የተሠራ ጥናት የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን ከአዋጁ በኋላ ገርጂ ላይ ምን እንደተለወጠ ሊነግረን አይችልም። የእናንተ ቦታ እዚያ ጋ ነው። ጆን ስዌልስ የተባሉት የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ የጥናት መግቢያ በሦስት እርምጃ እንደሚሄድ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ጉዳዩ ለምን እንደሚያስፈልግ መናገር፣ ክፍተቱን ማሳየት፣ ከዚያም ጥናቱ ክፍተቱን እንዴት እንደሚሞላ መግለጽ።

ቁጥር ስትጠቅሱም እንዲሁ ተጠንቀቁ። የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,739,551 ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። በየፌስቡኩ የምታዩት «አምስት ሚሊዮን» እና «ስምንት ሚሊዮን» ቢበዛ ትንበያ ነው። ትንበያ መሆኑን፣ ማን መቼ እንደተነበየው ጽፋችሁ ካስቀመጣችሁ ጽሑፋችሁ ይጸናል።

ባላጋራን ስለማክበር ደግሞ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለውን የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፍ ማን ጻፈው ከሚለው ክርክር የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሐተታውን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው ብለው ተከራከሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሚሲዮናዊውን ጽሑፎች ከሐተታው ጋር አስተያይተው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው አሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቀድሞ ሲጠራጠሩ ቆይተው በኋላ አቋማቸውን ቀየሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም። እነዚህ ሰዎች የተሟገቱት በደብዳቤ፣ በብራና ጽሑፍና በግዕዙ ባሕርይ ነው። እንደ ጌታቸው ኃይሌ ያለ ሊቅ ማስረጃ አይቶ ሐሳቡን ከለወጠ እኛም ልንለውጥ ይገባናል።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት የምመክራችሁ ይህን ነው።

1. ስታነቡ ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል ደራሲው ያለውን ከነገጹ፣ በሌላው በኩል እናንተ የምትሉትን ጻፉ። የሌላውን ሐሳብ ሳያውቁ መስረቅ የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

2. ምንጩን እስከ ሥሩ ተከተሉት። አዋጅ ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣውን አንብቡ እንጂ ስለ አዋጁ የተጻፈ ፖስት አይበቃም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የተሰበሰበ ሀብት አለው። ከመገናኛ በታክሲ የሚደረስበት ነው፤ ሂዱና ተጠቀሙበት።

3. ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ሪፈረንስ ሳትከፍቱ አትጥቀሱ። በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲውና ከነዓመተ ምሕረቱ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። ያላነበባችሁት ምንጭ ምስክራችሁ ሊሆን አይችልም።

4. የባላጋራችሁን ክርክር እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በቅንነት ጻፉለት። ስለ ኪራይ የሚጽፍ ሰው አከራዩ ስለ ጥገና ወጪና ስለ ኑሮ ውድነት የሚለውን ሳይሰማ ሊፈርድ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ለውጤት ብቻ አይደለም። ነገ በመሥሪያ ቤት፣ በጋዜጣ፣ በፍርድ ቤት የሰው ሕይወት የሚወሰነው ዛሬ እናንተ በምትለማመዱት የማስረዳት ልማድ ነው። ስለዚህ የጥናት ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ። ከሥሩ ደግሞ «ይህን የሚመሰክርልኝ» ብላችሁ አንድ ምንጭ ጨምሩ። አንድ በአንድ እያነበብን አብረን እንሞግተዋለን። ለጓደኞቻችሁም ፎርዋርድ አድርጉላቸው።