«በጨው የሚጸዳ ገንዳ» ክሎሪን የለበትም?

«የእኛ መዋኛ ገንዳ በጨው ነው የሚጸዳው፤ ክሎሪን አንጠቀምም» የሚል ሆቴል ካጋጠማችሁ ግማሹን ብቻ እመኑ። ጨው መጨመሩ እውነት ነው። ጀርሙን የሚገድለው ግን ያው ክሎሪን ነው፤ ልዩነቱ በጀሪካን ተገዝቶ መምጣቱ ቀርቶ እዚያው ፓምፑ አጠገብ መመረቱ ነው።

ከማጣሪያው የወጣው ውሃ ወደ ገንዳው ከመመለሱ በፊት ሴል በሚባለው ክፍል ያልፋል። ሴሉ ውስጥ ሩተኒየም ወይም ኢሪዲየም ኦክሳይድ የተቀቡ ስስ የታይታኒየም ዝርጎች ተደርድረዋል፤ አነስተኛ ቮልቴጅ ያለው ኤሌክትሪክም ይደርሳቸዋል። በውሃው የሟሟው የጨው ክሎራይድ በፖዘቲቩ ዝርግ ላይ ኤሌክትሮኑን ጥሎ ክሎሪን ይሆናል፤ በኔጌቲቩ ላይ ደግሞ ውሃው ራሱ ተለያይቶ ሃይድሮጅን ይወጣዋል። ክሎሪኑ ወዲያው ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። የሚገኘው ነገር እጅግ የቀጠነ በረኪና ነው ቢባል ብዙም ማጋነን የለበትም።

ታዲያ በየሳምንቱ ጨው ሊጨመር ነው? አይደለም። ክሎሪኑ ሥራውን ሲጨርስ ወይም ፀሐይ ሲያፈርሰው ተመልሶ ክሎራይድ ይሆንና በሌላ ዙር ሴሉን ያልፋል። ጨው የሚጎድለው ውሃ ሲፈናጠቅ፣ ገንዳው ሲያፈስ፣ ማጣሪያው ሲታጠብ ወይም ዝናብ ሞልቶት ሲትረፈረፍ ነው። ውሃው በትነት ብቻ ከቀነሰ ጨዉ እዚያው ስለሚቀር፣ የቧንቧ ውሃ መሙላት ይበቃል። ሳይለኩ ጨው መድፋት ገንዘብ መድፋት ነው።

መጠኑም ሰው እንደሚገምተው አይደለም። በሊትር 3 ግራም ገደማ ነው፤ 50,000 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው፣ እንደ ባሕር ያንሳፍፈኛል ብሎ የሚገባ ዋናተኛ ይከፋዋል። አዮዲን ያለው የወጥ ቤት ጨው ግን አይመከርም።

ዓይን የሚቆጠቁጠውና አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታስ? ብዙዎች ክሎሪን በዛ ይላሉ። ሽታው የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና (ይቅርታ ይደረግልኝና) ከሽንት ጋር ሲጣመር ከሚፈጠረው ክሎራሚን ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያሳየው ክሎሪኑ ማነሱን ነው። በጨው የሚሠራ ገንዳም ከዚህ አያመልጥም። ከመግባት በፊት ሰውነትን መታጠብ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

«አንዴ ካስገጠምከው ራሱ ይሠራል» የሚለው የሻጮች ቃል ደግሞ ደንበኛውን ያዘናጋል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ክሎሪን አይመረትም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚለኩት ጨዉን እንጂ ክሎሪኑን ስላልሆነ፣ አረንጓዴ መብራት በርቶም ውሃው መከላከያ አጥቶ ሊሆን ይችላል። የሃይድሮጅኑ አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እያባረረ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርግ በየጊዜው አሲድ ይጠይቃል። ካልሲየም ዝርጎቹ ላይ ይጋገራል፤ ቅባቸውም በጥቂት ዓመታት ያልቃልና ሴሉ ይለወጣል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቸል አይባልም። ውሃ መፍሰሱን የሚቆጣጠረው ሴንሰር ሲያስቸግር በሽቦ አገናኝተው የሚያልፉት ሠራተኞች አሉ። ያኔ ፓምፑ ቆሞም ሴሉ መሥራቱን ከቀጠለ ሃይድሮጅኑ መውጫ አጥቶ ይከማቻል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ የሚፈነዳ ጋዝ ነው።