ወንዴ መካንነት በበቆሎ፦ አንድ ዘረመል፣ ሁለት ዕጣ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በሰብሎች ወንዴ መካንነት ሞለኪውላዊ መሠረት ላይ ነው። ወንዴ መካን የምንለው የሴቴ አካሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ፣ ፍሬያማ የአበባ ዱቄት ማምረት የተሳነውን ተክል ነው። ለተክሉ ጉድለት የሆነው ይህ ባሕርይ ለዘር አምራቹ ሲሳይ ሆኖ ኖሯል። ይሁንና ሲሳዩ ዋጋ ነበረው። ዋጋውንም በአንድ ምሳሌ፣ በበቆሎ፣ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

በቆሎ የወንዴ አበባውን በአናቱ፣ የሴቴ አበባውን በአገዳው ጎን ይሸከማል። ዲቃላ ዘር ለማምረት እናት እንድትሆን የተመረጠችው መስመር በራሷ የአበባ ዱቄት እንዳትዳቀል፣ በአናቷ ያለው አበባ ሳይፈነዳ መነቀል አለበት። ሥራው በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ ያለበትና ብዙ የሰው ጉልበት የሚፈልግ ነው። እናቲቱ በተፈጥሮዋ ወንዴ መካን ብትሆን ግን ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሮጀርስና ኤድዋርድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ በቆሎ በቴክሳስ መገኘቱን አስታወቁ። መካንነቱ በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፍ ስለነበር ምንጩ ኒውክለስ ሳይሆን ሳይቶፕላዝም መሆኑ ታወቀ፤ ስሙም «የቴክሳስ ሳይቶፕላዝም» ተባለ። ገበሬው የሚዘራው ዲቃላ ፍሬ መያዝ ስላለበት፣ አባት የሚሆነው መስመር ፍሬያማነትን የሚመልሱ የኒውክለስ ዘረመሎችን እንዲያወርስ ተደረገ። ዘዴው እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ በ1970 በአሜሪካ ከተዘራው በቆሎ 85 በመቶ ያህሉ ይህንኑ ሳይቶፕላዝም የተሸከመ ነበር።

በዚያው ዓመት ባይፖላሪስ ሜይዲስ የተሰኘ ቅጠል አድራቂ ፈንገስ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተዛመተ። ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ገደማ ጠፋ፤ ኪሳራውም ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። መደበኛ ሳይቶፕላዝም ያለው በቆሎ ግን ብዙም አልተጎዳም። ይህ ሳይቶፕላዝም ለበሽታው የተጋለጠ መሆኑ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፊሊፒንስ ተዘግቦ ነበር፤ ሆኖም ማስጠንቀቂያው ሰሚ አላገኘም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የአበባ ዱቄት መምከንና የቅጠል በሽታ ምን አገናኛቸው?

መልሱ የሚገኘው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። በ1986 ተመራማሪዎች በቴክሳስ ሳይቶፕላዝም የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ውስጥ ቲ-ዩአርኤፍ13 የተባለ ዘረመል አገኙ። ይህ ዘረመል ከሌሎች የማይቶኮንድሪያ ዘረመሎች ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ የተፈጠረ ነው። የሚያመነጨው ፕሮቲን 115 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን፣ መቀመጫው የማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ፈንገሱ የሚረጨው መርዝ ከዚህ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ሽፋኑ ይበሳል፤ ማይቶኮንድሪያውም ኃይል ማመንጨቱን ያቆማል።

መርዙ በሌለበትስ ፕሮቲኑ የአበባ ዱቄትን እንዴት ያመክናል? የአበባ ዱቄት የሚያድግበትን ከረጢት ከውስጥ የሚሸፍነውና የሚመግበው ታፔተም የተባለ የሕዋስ ንብርብር ነው። በዚህ ንብርብር የማይቶኮንድሪያ ቁጥር በአበባው እድገት ወቅት ወደ 40 እጥፍ ይጨምራል። በቅጠልና በሥር ላይ ጉዳቱ የማይታየው እንከን፣ የኃይል ፍላጎት እዚህ ጣሪያ ሲነካ ይገለጣል። ታፔተሙ ያለ ጊዜው ይፈርሳል፤ የአበባ ዱቄቱም መጋቢ አጥቶ ይመክናል።

ሁለቱን ባሕርያት ለመለያየት የተደረገው ሙከራ ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ተመራማሪዎች የበቆሎ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ እያራቡ መርዙን የሚቋቋሙትን መረጡ፤ ከእነርሱም ሙሉ ተክል አሳደጉ። ተክሎቹ በሽታውን ተቋቋሙ፤ ነገር ግን ወንዴ መካንነታቸውንም አጡ። ሲመረመሩ በአብዛኞቹ ቲ-ዩአርኤፍ13 ጨርሶ ጠፍቷል፤ በአንደኛው ደግሞ አምስት ኑክሊዮታይዶች ገብተውበት ንባቡ ተዛብቷል። ጥቅሙም ጉዳቱም የአንድ ፕሮቲን ሥራ ነበሩና አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መያዝ አልተቻለም።

ፍሬያማነትን የሚመልሱት ዘረመሎችም ከዚህ አጣብቂኝ አላወጡም። አርኤፍ1 የፕሮቲኑን መጠን ይቀንሳል፤ አርኤፍ2 ደግሞ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም የሚሠራ ዘረመል ነው። ሁለቱ ተባብረው የአበባ ዱቄቱን ሕይወት ይመልሳሉ፤ ቅጠሉን ግን ከመርዙ አያድኑትም። በ1970 በየማሳው የነበረው በቆሎ ፍሬ እያፈራም በበሽታው የተመታው ስለዚህ ነው።

ከወረርሽኙ በኋላ ዘር አምራቾች ወደ መደበኛው ሳይቶፕላዝምና ወደ አበባ መንቀሉ ተመለሱ። ወንዴ መካንነት ግን ከሰብል ማሻሻያ አልወጣም፤ የቻይና ዲቃላ ሩዝ ለብዙ ዓመታት በአመዛኙ የተመሠረተው ከዱር ሩዝ በተገኘ ሌላ መካን ሳይቶፕላዝም ላይ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ በ1970 የተዘሩት ዲቃላዎች በስም፣ በኒውክለስ ዘረመልና በአምራች ድርጅት የተለያዩ ነበሩ። ሲያዩአቸው ብዙ ነበሩ፤ በእናት በኩል ግን አንድ ነበሩ። ነገ ዝርያ ስታሻሽሉ ወይም የዝርያ ብዝኃነትን ስትለኩ፣ የኒውክለስ ዘረመሎችን ብቻ ቆጥራችሁ አታቁሙ፤ ሳይቶፕላዝሙ ከየት እንደመጣም ጠይቁ። የጥያቄው መቅረት የአንድ አገር ማሳ ምን እንዳስከፈለ አይተናልና።