ጃንጎን ከላፕቶፕ ወደ ሰርቨር ስታወጡ

በጃንጎ የሠራችሁት ሲስተም ላፕቶፓችሁ ላይ በ«ራንሰርቨር» ስለተነሳ ያንኑ ትእዛዝ ሰርቨር ላይ አትድገሙት። «ራንሰርቨር» የደኅንነትም የፍጥነትም ፍተሻ እንዳላለፈ የጃንጎ ሰነድ ራሱ በግልጽ ያስጠነቅቃል።

ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። ጉኒኮርን የፓይተን ኮዱን ያስኬዳል፤ ኤንጂንኤክስ ከፊት ሆኖ ጎብኚውን ይቀበላል። «ጉኒኮርን ብቻውን አይበቃም ወይ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይበቃም! መደበኛው የጉኒኮርን ዎርከር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ኔትወርክ የተጎተተበት ሰው ፎቶ ሲልክ ያ ዎርከር ተይዞ ይቆያል፤ እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰዎች ሳይቱን ለሁሉም ሊያቆሙት ይችላሉ። ኤንጂንኤክስ ግን ጥያቄውን ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው። ለዎርከር ብዛት መነሻው የኮር ቁጥር በ2 ተባዝቶ 1 ሲደመርበት ነው፤ ባለ 2 ኮር ሰርቨር 5 ይደርሰዋል።

«ዲበግ»ን ማጥፋት ለድርድር አይቀርብም፤ ክፍት ከተተወ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዳችሁን ውስጥ ለማንም ያሳያል። ስታጠፉት ሲኤስኤሱ ድንገት ቢሰወር አትደንግጡ፤ በ«ኮሌክትስታቲክ» ሰብስባችሁ ለኤንጂንኤክስ ስጡት። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ጉኒኮርንም አብሮ እንዲነሳ በሲስተምዲ አስተካክሉት። ለኤችቲቲፒኤስ የሚሆናችሁ የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ነጻ ነው፤ እድሳቱን ለሰርትቦት ተዉለት።