ቀኑ ሳያልፍ የሚበላሽ መርፌ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ከተማ ናት፤ ማታ ያለ ጋቢ አይቻልም። ከከተማዋ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ቆላ ይገባል። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ የሚመጣ የመድኃኒት ካርቶንም ይህን ሁሉ አየር ይቀምሳል፤ የደጋውን ውርጭ፣ የመኪናውን ግለት፣ የቆላውን ቆርቆሮ ጣሪያ። ካርቶኑ ላይ የታተመው ቀን ግን መንገዱን አያውቅም።

መድኃኒት ስንገዛ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «የየት አገር ነው?» ብለን ነው። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በሆርሞን መርፌዎች ላይ ግን ከዚህ የማይተናነስ ሌላ ጥያቄ አለ፦ እስካሁን የት ተቀምጦ ቆየ? በየጤና ተቋማችን የሚገኙ ሦስት መርፌዎችን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል።

ጠንካራው ዲፖ ነው፣ የሦስት ወር መርፌ የምንለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከባለትዳር ሴቶች 23 በመቶው የሚጠቀሙት በመርፌ የሚሰጥ የወሊድ መከላከያ ነበር። በውስጡ ያለው ሆርሞን ደቃቅ ዱቄት ሆኖ በውኃ ውስጥ የተንሳፈፈ ነው፤ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ተራ የክፍል ሙቀት ይበቃዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ሲቀመጥ ዱቄቱ ይዘቅጣል። ብልቃጡ በደንብ ካልተናጠ ውኃው ተቀድቶ መድኃኒቱ ከታች ይቀራል፤ እናትየውም ሙሉ መጠኑን ሳታገኝ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ስስ የሆነው ኦክሲቶሲን ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ለእናቲቱ ይወጋል፤ ማሕፀኗ እንዲኮማተርና ደም እንዳይፈስሳት። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1955 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ትንሽ ሰንሰለት ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው እየተበጣጠሰ ይሄዳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ መበላሸቱ ብቻ አይደለም፤ ሲበላሽ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው። አምፑሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥሩም ሆነ የሞተ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ነው። መልሶ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም አያድነውም፤ የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። በተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ አምፑሎች ሲመረመሩ ከተጻፈባቸው መጠን በታች የያዙ ብዙ ተገኝተዋል። አዋላጇ መርፌውን በጊዜው ወግታ፣ ሥራዋን ሁሉ በትክክል ሠርታ ደሙ አልቆም ሊላት የሚችለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ፤ የክትባት ፍሪጅ ባለበት ጤና ጣቢያ አብሮ መቀመጥ ይችላል። መብራት ለሚቆራረጥበትና ፍሪጅ ለሌለበት ቦታ ደግሞ ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የሚባል መርፌ ተሠርቷል። በ10 አገሮች ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ እናቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ተቀብሎታል፤ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ሦስት ዓመት ይቆያል። ዓባይ ዳር ላለ ቀበሌ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

በዲፖና በኦክሲቶሲን መካከል ያለው ኢንሱሊን ነው፤ የሚቀመጠውም በባለሙያ እጅ ሳይሆን በሕመምተኛው ቤት ነው። ያልተከፈተው ፍሪጅ ይፈልጋል፤ የተከፈተው ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እንደ ዓይነቱ ከ28 እስከ 42 ቀን ያገለግላል። እዚህ ላይ ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው 50 ቀን ይጠቀምበታል። ብልቃጡ ሳያልቅ ቀኑ ያልቃል ማለት ነው። የገዛውን መድኃኒት መጣል ለማንም ከባድ ነው፤ ቢሆንም የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

መካነ ሰላም ውስጥ ለተከፈተ ብልቃጥ የቤቱ ጥላ ይበቃዋል፤ ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ እንጂ። ቆላ ላይ ግን ሁለት ገንቦ ወይም ማሰሮ ይፈለግ። ትንሹ ትልቁ ውስጥ ይገባል፣ በመሐላቸው አሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ይርሳል፤ ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያለውን ሙቀት ይዘው የሞከሩ ተመራማሪዎች ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደጠበቀ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። ከሙቀት ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው በረዶ ነው። ከፍሪጁ የበረዶ ክፍል ጋር ተጠግቶ የረጋ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይወጋም።

ኢንሱሊን ከኦክሲቶሲን የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር አንዳንዴ መታመሙን በዓይን ማሳየቱ ነው። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ ይጣላል። ወተት የሚመስለውን በሁለት መዳፍ መሐል ቀስ አድርጎ አንከባሎ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ እንደ ተበጠሰ ወተት ከጓጎለ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ አይወጋም።

የታተመውን ቀን ስታነቡም አቆጣጠሩን አትርሱ። 06/2027 የሚለው በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። 2027ን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ ገና ብዙ ዓመት አለው ብሎ መሳሳት ቀላል ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ለሆናችሁ አንድ አደራ አለኝ። ኢንሱሊኑ ሙቀት አግኝቶታል ብላችሁ መወጋቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ብልቃጡን ይዛችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የት እንዳስቀመጣችሁትና መቼ እንደከፈታችሁት ለባለሙያው ንገሩት።