ላሜራን በሰበቃ ሙቀት ማሰር፦ ለምዕራብ ሸዋ የብረታ ብረት ሥራ የሚጠቅመውና የማይጠቅመው

ከጊንጪ በአምቦና በጉደር አድርጎ ወደ ባኮ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ባሉ ከተሞች የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በርና መስኮት፣ የሱቅ መደርደሪያ፣ የውሃ ታንከር መቆሚያና የእርሻ መሣሪያ ይሠራሉ። ክፍሎቹ የሚጋጠሙት ባመዛኙ በሁለት መንገድ ነው፤ በኤሌክትሮድ ብየዳ ወይም በትራፓኖ በስቶ በሪቬትና በብሎን በማሰር። ብየዳ ለወፍራም ብረት ተወዳዳሪ የለውም። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ላሜራ ላይ ግን የእሳቱ ኃይል ራሱ ጠላት ይሆናል፤ በያጁ ጥቂት ከዘገየ ላሜራው ይበሳል፣ ካልተበሳም ይጣመማል። ላሜራው ዚንክ የተቀባ ከሆነ ችግሩ ይብሳል። ብረት የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ዚንክ በ907 ዲግሪ ይተናል፤ ስለዚህ ብረቱ ከመቅለጡ አስቀድሞ ዚንኩ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ይህን ጢስ የሳበ ሠራተኛ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። ወተት መጠጣት ያድናል የሚለው በሙያተኞች ዘንድ የተለመደ እምነት ከአየር ማናፈሻና ከጭንብል ጋር የሚተካከል መከላከያ አይደለም።

ሪቬትና ብሎን ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው፤ ሆኖም የራሳቸው ችግር አለባቸው። የብሎን ጥርስ ለመያዝ ውፍረት ይሻል። በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ የጥርሱ እርምጃ 1.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤም 8 ብሎን ቢገባ የሚይዘው ከአንድ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ጥርስ ብቻ ነው፤ ትንሽ ጠበቅ ሲደረግ ይላጣል። ዳዶ ከኋላ እንዳይታሰር ደግሞ ቱቦላሬ ዝግ ነው፤ እጅ ወደ ውስጡ አይገባም። ዳዶውን አስቀድሞ በብየዳ መለጠፍ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ይህ ግን ወደ ሸሹት ብየዳ መመለስ ነው።

በሰበቃ ሙቀት ማሰር የተባለው ስልት የተነሣው ከዚህ ችግር ነው። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው። ጫፉ እንደ ሾጣጣ የሆነ ጠንካራ መሣሪያ በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ ላሜራውን ሲጫን፣ ሰበቃው ብረቱን ሳያቀልጥ ያለሰልሰዋል። የለሰለሰው ብረት እንደ ሊጥ ይፈሳል እንጂ በፑንታ እንደተቆረጠ ብረት ፍርፋሪ ሆኖ አይወድቅም። ከፊሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ የሚበልጠው ወደ ታች ወርዶ በቀዳዳው ዙሪያ አንገትጌ ይሠራል። የአንገትጌው ርዝመት ከመነሻው ውፍረት እስከ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በዚህም 2 ሚሊ ሜትር የነበረው ላሜራ ለጥርስ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይሰጣል፤ ያው ኤም 8 ብሎን አሁን አምስት ጥርስ ያህል ይይዛል። ብረት አልተጨመረም፤ ሊጣል የነበረው ፍርፋሪ ሥራ ላይ ዋለ።

የሐሳቡ ዕድሜ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ዣን ክሎድ ደ ቫሊዬር እ.ኤ.አ. በ1923 በሰበቃ ሙቀት ብረት የሚበሳ መሣሪያ ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ሙቀቱን የሚችል ማቴሪያልም ሆነ ትክክለኛው የጫፍ ቅርጽ ስላልተገኘ ውጤቱ መጠነኛ ነበር፤ ለሥራ የሚበቃ መሣሪያ የተገኘው በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልቱ በሁለት አቅጣጫ አድጓል። አንደኛው ከታንግስተን ካርባይድ የተሠራ ፑንታ ሲሆን በቋሚ ትራፓኖ ላይ ይገጠማል፤ ቀዳዳውንና አንገትጌውን ይሠራል፣ ጥርሱ ግን በሌላ መሣሪያ ይወጣል። ሁለተኛው ብሎኑ ራሱ ፑንታ የሚሆንበት ነው። በመጀመሪያ የብሎኑ ጫፍ ላሜራውን ያግላል፣ ሰርስሮ ያልፋል፣ አንገትጌ ይሠራል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ቀንሶ በጋለው ብረት ላይ የራሱን ጥርስ ያወጣል፣ ይገባል፣ በተወሰነለት ቶርክ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ወደ ላይ የተነሣው ብረት ላሜራዎቹን እንዳያራርቅ የብሎኑ ራስ ከሥሩ ጎድጎድ ተደርጎ ይሠራል። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ሼቭሮሌት ኮርቬት የአሉሚኒየም ሻሲ ከነጥብ ብየዳና ከማጣበቂያ ጋር 188 እንዲህ ያሉ ማሰሪያዎች ነበሩት። የመኪና ፋብሪካዎች ስልቱን የወደዱት ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚሠራ፣ እንዲሁም አሉሚኒየምን ከብረት ጋር ለማጋጠም ስለሚያስችል ነው፤ ሁለቱን በተለመደው ብየዳ ማዋሐድ አስቸጋሪ ነው።

ለአንድ የአምቦ ወርክሾፕ ሁለተኛው መንገድ ሩቅ ነው። ብሎኑን የሚነዳው መሣሪያ ፍጥነትን፣ ግፊትንና ቶርክን በየቅጽበቱ የሚቆጣጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ በሮቦት ክንድ ላይ የሚገጠም ነው። የመጀመሪያው ግን ቋሚ ትራፓኖ ላለው ሰው ቅርብ ነው። ለኤም 8 ጥርስ የሚያስፈልገው የፑንታ ዲያሜትር 7.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስፋት ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ የሚለሰልሰው ብረት ክብደቱ 0.66 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ወደ 700 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃው ሙቀት በግምት 270 ጁል ነው። የ1.5 ኪሎ ዋት ሞተር ይህን በንድፈ ሐሳብ ከሰከንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ያመነጫል። በተግባር ሙቀቱ ወደ ዙሪያው ላሜራና ወደ ፑንታው ስለሚሸሽ ሥራው ሰከንዶች ይወስዳል። ለንጽጽር ያህል፣ በ90 አምፒርና በ25 ቮልት የሚሠራ ብየዳ በግምት 2.2 ኪሎ ዋት ይፈጃል፤ ያውም ሳያቋርጥ።

እዚህ ላይ የመብራቱ ነገር ይነሣል። የትራፓኖ ሞተር ቶርክ ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ይወርዳል። 220 ቮልት ወደ 190 ሲወርድ ሞተሩ ሊሰጥ ከሚችለው ቶርክ ሩቡ ያህል ይጠፋል። ብየዳ በደካማ መብራት እየተንተባተበም ቢሆን ይሠራል፤ የሰበቃ ፑንታ ግን መሃል መንገድ ላይ ከቆመ ብረቱ ቀዝቅዞ ይነክሰዋል። ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። በዚሁ ምክንያት በእጅ ትራፓኖ መሞከር ገንዘብ መጣል ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ፑንታውን ይሰብረዋል።

ስልቱ በዞኑ ውስጥ የት ይጠቅማል? በጣም ግልጽ የሆነው ቦታ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ነው። ባኮ የበቆሎ አገር ናት፤ በዚያው የሚገኘው የባኮ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከልም መፈልፈያ ማሽኖችን ሲሠራና ሲያሻሽል ቆይቷል። መፈልፈያ ይንቀጠቀጣል፣ ወንፊቱና መዶሻው ያልቃል፣ ሽፋኑ ለጥገና መከፈት አለበት። በብየዳ የታሰረ ሽፋን የሚከፈተው ተቆርጦ ነው፤ በላሜራው ላይ በቀጥታ የታሰረ ብሎን ደግሞ በንዝረት ይላላል። በቱቦላሬው ላይ በሰበቃ የተሠራ ባለ አምስት ጥርስ አንገትጌ ግን ብሎኑ ደጋግሞ እንዲፈታና እንዲታሰር ያስችላል። አዝመራው ተሰብስቦ ማሽኑ ከቀዬ ቀዬ በሚዞርበት ሰሞን፣ ጥገናው በመፍቻ ያልቃል ወይስ ማሽኑ ተጭኖ ከተማ ይገባል የሚለው ለገበሬው የቀናት ልዩነት ነው።

በተቃራኒው ለእህል ጎተራ አይመከርም። የብረት ጎተራ የሚሠራው ዚንክ ከተቀባ ስስ ላሜራ ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ የሚገኘው አንገትጌ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ከዚህም በላይ ጎተራው ነቀዙን የሚገድለው አየር በማሳጣት ስለሆነ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጠላት ነው። ጠርዙን አጥፎ በቆርቆሮ ብየዳ መድፈን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሆንዱራስና በጎረቤቶቿ እንደተስፋፋው፣ አሁንም የተሻለ ነው።

ሌሎችም ገደቦች አሉ። ግፊቱ ስስ ላሜራን ስለሚያጎብጥ ከሥሩ ድጋፍ ያስፈልጋል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቅብ ይጎዳል፤ ጸረ ዝገት ቀለም ካልተቀባ ውሃ በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ቦታ ነው። ሁለት ላሜራ ደራርቦ በካርባይድ ፑንታ መብሳትም ስሕተት ነው፤ ከታችኛው የሚነሣው ብረት በመካከላቸው ገብቶ ያራርቃቸዋል። የላይኛው በተለመደው ፑንታ ሰፋ ተደርጎ ለብቻው መበሳት አለበት።

ሊለካ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር በገበያ ላይ ባለው ቱቦላሬ የሚገኘው አንገትጌ ነው። የግድግዳው ውፍረት ከተጻፈበት ሲያንስ የአንገትጌው ርዝመትም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ በካሊፐር የተለካ ውፍረት፣ የአንገትጌው ርዝመትና ጥርሱ የሚላጥበት ቶርክ ጎን ለጎን መመዝገብ ይኖርባቸዋል፤ ለዚህም የቶርክ ቁልፍ፣ ቋሚ ትራፓኖና አንድ ፑንታ ይበቃሉ።